በአንድ ዘር ውስጥ የሚፈጸም የቆዳ ቀለም አድልዎ፦ ምሁራን እንዴት ለዩት፣ እንዴትስ ለኩት?

በ1989 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ያልተለመደ ክርክር ቀረበ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሳሿ በአገሪቱ የግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረች፣ ቆዳዋ ቀላ ያለ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከሥራ የተሰናበትሁት የቅርብ አለቃዬ በቆዳዬ ቀለም ምክንያት ስለምትጠላኝ ነው ትላለች፤ አለቃዋም ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን ቆዳዋ ግን ጠቆር ያለ ነው። የመንግሥት ጠበቆች ያነሡት መቃወሚያ አጭር ነበር፦ ሁለቱም ጥቁሮች ስለሆኑ አንዷ በሌላዋ ላይ መድልዎ ፈጸመች ሊባል አይችልም፣ ስለዚህ ክሱ ውድቅ ይደረግ። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን አልተቀበለውም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ የተከለከሉትን የመድልዎ ምክንያቶች ሲዘረዝር ዘርንና ቀለምን ለየብቻ ስለጠቀሰ፣ ቀለም ራሱን ችሎ የክስ ምክንያት ሊሆን ይችላል በማለት ጉዳዩ እንዲቀጥል ፈቀደ። ከሳሿ በኋላ ክሷን ማስረዳት አልቻለችምና ተረታች፤ ይሁን እንጂ ያ ብይን ሕጉን የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት መነሻ ሆኖ ቀርቷል።

ክርክሩ የተነሣበት ነገር በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ከለሪዝም ይባላል። ስያሜውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀችው ደራሲዋ አሊስ ዎከር ስትሆን፣ የሰጠችው ትርጉምም አንድ ዘር የሆኑ ሰዎችን በቆዳቸው ቀለም ብቻ ለይቶ ማቅረብ ወይም ማራቅ የሚል ፍሬ ነገር አለው። ከዘረኝነት ጋር ዝምድና ቢኖረውም አንድ አይደለም። ዘረኝነት ሰውን አስቀድሞ በአንድ ምድብ ውስጥ ያስገባውና ስለ ምድቡ ይፈርድበታል፤ የቀለም አድልዎ ግን እዚያው ምድብ ውስጥ ገብቶ ማን ይበልጥ እንደጠቆረ፣ ማን ይበልጥ እንደቀላ እያየ ደረጃ ያወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት አለ። የቀለም አድልዎ ጥቁሮች በጥቁሮች ላይ፣ ሕንዶች በሕንዶች ላይ ብቻ የሚፈጽሙት የውስጥ ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። ነጭ ቀጣሪ ከሁለት እኩል ብቃት ካላቸው ጥቁር አመልካቾች መካከል ቀላ ያለውን ሲመርጥም አድልዎው ያው ነው፤ እንዲያውም ይህኛው ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም ቀጣሪው ጥቁር ሰው መቅጠሩን እያሳየ ዘረኛ አይደለሁም ብሎ መከራከር ይችላል።

ነጥቡን በሕግ ቋንቋ በሰፊው ካብራሩት ምሁራን አንዷ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር የሆነችው ትሪና ጆንስ ናት። በ2000 ባሳተመችው ረዥም ጥናት ላይ፣ ፍርድ ቤቶች ዘርንና ቀለምን አንድ አድርገው እንደሚያዩና በዚህም ምክንያት በእውን የሚፈጸም በደል ከሕግ ዓይን እንደሚሰወር አሳየች። ክርክሯ ወደ ፊትም ይመለከታል፦ የተቀላቀለ ትውልድ እየበዛ ሲሄድና የዘር ድንበሮች እየደበዘዙ ሲመጡ አድልዎ የሚጠፋ ይመስለናል፤ ነገር ግን ማን የየትኛው ዘር እንደሆነ መለየት ሲያስቸግር ሰዎች ወደ ቆዳው ቀለም ይበልጥ ሊያተኩሩ ይችላሉ። እኔ ከጽሑፏ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ሐሳብ ነው። ዘርን ብቻ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት በሪፖርቱ ላይ ፍትሐዊ ሆኖ ሊታይ፣ በውስጡ ግን የጠቆሩትን ወደ ጓዳ፣ የቀሉትን ወደ ፊት ለፊት ሊመድብ ይችላል፤ ሪፖርቱም ይህን አያሳይም።

በ2003 የአሜሪካ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የምግብ ቤት ሠራተኛ ያቀረበውን አቤቱታ ይዞ ከአሠሪው ድርጅት ጋር በ40,000 ዶላር ስምምነት ላይ ደረሰ። ቦታው አሁንም አትላንታ አካባቢ ሲሆን፣ ሠራተኛው ጠቆር ያለ፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ቀላ ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አቤቱታው እንደሚለው ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን በቆዳው እየጠቀሰ ይሰድበው፣ ቆዳህን ለምን አታነጣም እያለ ይሳለቅበት ነበር፤ ለበላይ አካል አመለክታለሁ ባለ ጊዜም ከሥራ ተባረረ። ጉዳዩ ያለቀው በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ በፀረ መድልዎ መመሪያው ላይ ቀለምን ለብቻው ለመጨመር በመስማማቱም ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መመሪያው በዘር ማዳላትን ይከለክል፣ ቀለምን ግን አይጠቅስም ነበር።

የዚህ ደረጃ አወጣጥ ታሪክ በአሜሪካ ከባርነት ዘመን ይጀምራል። ከባሪያ አሳዳሪዎች የተወለዱ ቀላ ያሉ ልጆች አንዳንድ ጊዜ ነጻ የመውጣት፣ ማንበብ የመማር ወይም ሙያ የመቅሰም ዕድል ያገኙ ስለነበር፣ ከባርነት በኋላ በነበረው የጥቁሮች መካከለኛ መደብ ውስጥ ቁጥራቸው ከድርሻቸው በላይ ሆነ፤ ሀብትና ትምህርት ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚወርድ ልዩነቱ ባርነት ከቀረ በኋላም ቀጠለ። ይህ ሁሉ በልጆች አእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ የፈተሹት ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን ኬኔትና ማሚ ክላርክ ናቸው። የነጭና የጥቁር አሻንጉሊት ሙከራቸው ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየትን በሻረው የ1954ቱ ፍርድ ሂደት ውስጥ ስለገባ ዝነኛ ነው። እምብዛም የማይወራለት የቀለም መቀባት ሙከራቸው ግን ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ልጆች የቅጠል፣ የፖም፣ የብርቱካን፣ የአይጥ፣ የወንድና የሴት ልጅ ሥዕል ያለበት ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳሶች ይሰጧቸዋል። ልጁ ቅጠሉንና ብርቱካኑን በትክክለኛው ቀለም ከቀባ ቀለም ለይቶ እንደሚያውቅ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያለውን ልጅ የራስህን ቀለም ቀባው ይባላል። ቅጠሉን አረንጓዴ ለማድረግ ያልተሳሳቱ ጠቆር ያሉ ልጆች ራሳቸው ዘንድ ሲደርሱ ከቆዳቸው የቀለለ ቀለም የሚያነሡበት ጊዜ ነበር። ቀለሙን ያውቁታል፤ የራሳቸው መሆኑን ግን መቀበል ከብዷቸዋል።

የልጆቹ ሥዕል ስሜትን ያሳያል፤ በደሞዝ፣ በትምህርትና በፍርድ ላይ ያለውን ውጤት ለማሳየት ግን ብዙ ሰው መጠየቅና የእያንዳንዱን ሰው የቆዳ ቀለም መመዝገብ ያስፈልጋል። ከባዱም ሥራ እዚህ ላይ ነው። በ1979 እና 1980 በተካሄደ አገር አቀፍ የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ የተጠያቂውን ቆዳ በጣም ጥቁር ከሚለው እስከ በጣም ቀላ ያለ ከሚለው በአምስት ደረጃ እያዩ ይመዘግቡ ነበር። ቨርና ኪዝና ሴድሪክ ሄሪንግ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን በ1991 ያን መረጃ ሲተነትኑ፣ ቀላ ያሉት በትምህርት፣ በሥራ ደረጃና በገቢ ከጠቆሩት ልቀው አገኟቸው፤ የወላጆቻቸው የኑሮ ደረጃ ሲመዛዘንም ልዩነቱ አልጠፋም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዋና ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ሀብት ውጤት ብቻ ነው የሚለውን ማብራሪያ ያዳክማል። ዛሬም በሕይወት ያለውን ሰው የሚያየው ዓይን ድርሻ አለው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሃርቫርዱ ኤሊስ ሞንክ በጤና ላይ ባደረገው ጥናት፣ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል በቆዳ ቀለም ምክንያት የሚታየው የጤና ልዩነት በጥቁሮችና በነጮች መካከል ካለው ልዩነት ጋር የሚቀራረብበት፣ አንዳንዴም የሚበልጥበት ሁኔታ እንዳለ አሳይቷል። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ፈጽሞ ሊያገኘው አይችልም።

እንዲህ ዓይነቱን መረጃ የሚጠራጠር አንባቢ መጠርጠሩ አግባብ ነው፤ ቆዳ በዓይን እየታየ ሲመዘገብ የተመዝጋቢው ብቻ ሳይሆን የመዝጋቢው ማንነትም መረጃው ውስጥ ይገባልና። ማርክ ሂል በ2002 ይህንኑ ፈትሾ ነጭ ጠያቂዎች ጥቁር ተጠያቂዎችን ጥቁር ጠያቂዎች ከሚመዘግቧቸው ይልቅ አጥቁረውና ተመሳሳይ አድርገው እንደሚያዩዋቸው አገኘ። ችግሩን ለመቀነስ በኤድዋርድ ቴለስ የሚመሩ ተመራማሪዎች በላቲን አሜሪካ አንድ መሣሪያ ሠሩ፦ አሥራ አንድ ቀለማት በቁጥር የተደረደሩበት ካርድ። በ2010 በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በሜክሲኮና በፔሩ ባካሄዱት ጥናት መረጃ ሰብሳቢው ካርዱን ለተጠያቂው ሳያሳይ ፊቱን አይቶ ቁጥሩን ይመዘግባል። ሰውየው ራሱን ነጭ ነኝ፣ ቅልቅል ነኝ ወይም ነባር ሕዝብ ነኝ ማለቱ ለብቻው ይጻፋል፤ ቁጥሩም ለብቻው። የሜክሲኮ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋም ይህንኑ የቀለም ካርድ ተጠቅሞ ያካሄደውን ጥናት በ2017 ይፋ ሲያደርግ፣ ቆዳቸው የነጣ ሰዎች በአማካይ ብዙ ዓመት የተማሩ መሆናቸው ታየና አገሩ ተንጫጫ። ሜክሲኮ ለብዙ ዘመን ሁላችንም ቅልቅል ስለሆንን ዘረኝነት የለብንም ብላ ስታስተምር የኖረች አገር በመሆኗ፣ የመንግሥት ተቋም ራሱ ያወጣው ቁጥር ዱብ ዕዳ ሆነባት።

ማንም ሆን ብሎ ለጥናት ያልሰበሰበው መረጃም አለ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የእስር ቤት ሠራተኞች የእያንዳንዷን ታራሚ ቁመትና ክብደት ሲመዘግቡ፣ ጥቁር ሴት ከሆነች ቆዳዋ ቀላ ያለ መሆን አለመሆኑንም ይጽፉ ነበር። በ2011 የወጣ ጥናት ከ1995 እስከ 2009 የታሰሩ ከ12,000 በላይ ጥቁር ሴቶችን መዝገብ ሲመረምር፣ ቀላ ያለች ተብለው የተመዘገቡት የተፈረደባቸው የእስራት ዘመን በ12 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የወንጀሉ ዓይነትና የቀድሞ ጥፋት ከግምት ገብተው ነው። አንድም ዳኛ በውሳኔው ላይ ቆዳዋ ቀላ ስላለ ቀለል አድርጌላታለሁ ብሎ አይጽፍም፤ ብዙዎቹም እንዲህ እንዳደረጉ ራሳቸውም ላያውቁ ይችላሉ።

ጉዳዩ ወደ ኮምፒውተር ዓለም ሲገባ ከዋነኞቹ ተመራማሪዎች አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ ሆና እናገኛታለን። ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ዘመን አገር ጥላ የወጣችው ትምኒት ገብሩ፣ ከጋና አሜሪካዊቷ ጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ያሳተመችው ጥናት ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች የፈተሸ ነበር። በጥቅሉ ሲታዩ ፕሮግራሞቹ ከ88 እስከ 94 በመቶ ገደማ ትክክል ስለሆኑ የሚያስከፋ ነገር አይታይባቸውም። ተመራማሪዎቹ የሩዋንዳን፣ የሴኔጋልን፣ የደቡብ አፍሪካን፣ የአይስላንድን፣ የፊንላንድንና የስዊድንን 1,270 የምክር ቤት አባላት ፎቶ ሰብስበው፣ የቆዳ ሐኪም ባለበት በቀለም ደረጃ ከፋፍለው ሲፈትኑ ግን፣ ስሕተቱ ለነጡ ወንዶች ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ ሲሆን ለጠቆሩ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። የአፍሪካ አገሮቹን ፓርላማዎች መምረጣቸው ብልህነት ነበር፤ ሴት ተመራጮች የበዙበት የሩዋንዳ ምክር ቤት ባይኖር ኖሮ ለዚህ ፈተና የሚበቃ የጠቆሩ ሴቶች ፎቶ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

በዚያ ጥናት ያገለገለው የቀለም መለኪያ ራሱ የሚናገረው ታሪክ አለው። የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪሙ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ያወጣው ምደባ የነጭ ሰው ቆዳ ለፀሐይ ጨረር የሚሰጠውን ምላሽ ለመገመት የታሰበ ስለነበር፣ ቡናማና ጥቁር ቆዳን የሚወክሉት አምስተኛውና ስድስተኛው ደረጃዎች የተጨመሩት በኋላ ነው። ከዓለም ሕዝብ ትልቁ ክፍል በሁለት ደረጃ ተጨናንቆ፣ የነጣው ቆዳ በአራት ተዘርግቶ ተቀመጠ ማለት ነው። ከላይ የጠቀስሁት ኤሊስ ሞንክ ያዘጋጀው አሥር ደረጃ ያለው መለኪያ በ2022 ከጉግል ጋር ይፋ የተደረገው ይህን መጨናነቅ ለማቃለል ነው።

በአደባባይ ብዙ የሚነገረው ስለ ቆዳ ማንጫ ክሬም ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። አንዳንዶቹ ክሬሞች ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ቆዳ ቀለሙን እንዳያመርት ያግዳል፣ በሰውነት ሲጠራቀም ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ሕንድ ውስጥ በ2009 የተጀመረው ጥቁረት ውበት ነው የሚል ዘመቻ የማስታወቂያውን ዓለም ሲወቅስ ቆይቷል፤ በ1975 ለገበያ የቀረበውና የቆዳ ንጣትን ከተወዳጅነት ጋር አጣምሮ በስሙ ሲያስተዋውቅ የኖረው ታዋቂ ክሬምም በ2020 ስሙን ለወጠ። ክሬሙ ራሱ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም። ክሬም የምትቀባዋን ልጅ ራስሽን ውደጂ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ቀጣሪዋ፣ አማቷና ዳኛው እንዴት እንደሚያዩዋት ሳይነካ የሚቀር ዘመቻ ግን ሸክሙን ሁሉ በእሷ ላይ ይጥለዋል።

ከመብት ታጋዮች በኩል የሚነሣ ተቃውሞም አለ፦ ይህን ማንሣት ጥቁሮችን እርስ በርስ ይከፋፍላል፣ ዋናውን ዘረኝነትንም ያስረሳል የሚል። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የአትላንታው ክስ ራሱ ቀላ ያለችው ሴት በጠቆረችው ላይ ያቀረበችው ስለነበር፣ በደሉ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚመዝን ሊያስመስለው ይችላል። የተሰበሰበው መረጃ የሚያሳየው ግን በሥራ፣ በትምህርትና በፍርድ ኪሳራው በአብዛኛው በጠቆረው ሰው ላይ እንደሚወድቅ ነው። ቀላ ያሉትን የሚገጥማቸው ከእኛ ወገን አይደለሽም የሚል ጥርጣሬ ቢያቆስልም፣ በደሞዝ ሠንጠረዥ ላይ የሚያሳድረው ውጤት ተመሳሳይ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ነገሩ በከፊል ይመሳሰላል፣ በከፊል ይለያል። የጠፋ ሰው ለማፈላለግ የሚወጣ ማስታወቂያ መልኩ ጠይም፣ ቁመቱ መካከለኛ ብሎ ሲጽፍ መለያ ምልክት መስጠቱ እንጂ ደረጃ ማውጣቱ አይደለም። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያሉ መጥራት ብቻውን አድልዎ አይሆንም፤ ጠይምነት በዘፈኖቻችን ስንት ጊዜ ተወድሷል። ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ ስለ ልጅቷ የሚነገረው ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት የሚል ከሆነ ግን ደረጃው ወጥቷል። ከዚህም የከፋው ከባርነት ታሪክ ጋር የተያያዘው ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ከቀረቡባት ጥያቄዎች ዋነኛው የባሪያ ንግድ ነበር፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣውም በ1942 ነው። ብዙዎቹ ሰለባዎች ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ ጠረፍ አካባቢ የተወሰዱ ስለነበሩ፣ የቆዳ ጥቁረት ከትውልድ ጋር ተያይዞ መሰደቢያ ሆነ፤ ስድቦቹም እስከ ዛሬ ከአፍ አልጠፉም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካኑን መለኪያ እንዳለ አምጥቶ መጠቀም ያሳስታል ባይ ነኝ። እኩል የጠቆሩ አንድ የጎንደር ሰውና አንድ የጋምቤላ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ እኩል አይታዩም፤ ቀለሙ የሚነበበው ከመጣበት አካባቢ፣ ከስሙና ከአነጋገሩ ጋር አብሮ ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በቀለም ምክንያት ልዩነት ማድረግን በስም ጠቅሶ ይከለክላል። የ1994ቱም ሆነ የ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ግን ብሔርን እንጂ የቆዳ ቀለምን አልጠየቁም፤ ብሔር በሚቆጠርበት አገር በአንድ ብሔር ውስጥ በጠቆሩትና በቀሉት መካከል ያለው ልዩነት በቆጠራው ሠንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም።

አሜሪካ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ጉዳዩ ቀጥተኛ የሕግ ውጤት አለው። የሲቪል መብቶች ሕጉ የሥራ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቀጣሪዎች ይመለከታል፤ አለቃው ነጭ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ወይም የአገር ልጅ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። አቤቱታው መጀመሪያ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን መቅረብ ያለበት ሲሆን ጊዜው በመሠረቱ 180 ቀን፣ የራሳቸው ተመሳሳይ አስፈጻሚ አካል ባላቸው ግዛቶች ደግሞ 300 ቀን ነው። በአቤቱታ ቅጹ ላይ ዘርና ቀለም በተለያየ ሣጥን ተቀምጠዋል። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላይ ሥልጣን ያለው አራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2002 በሰጠው ውሳኔ፣ ለኮሚሽኑ ዘርን ብቻ ጠቅሶ ያመለከተ ጥቁር ሠራተኛ በፍርድ ቤት የጨመረውን የቀለም ክስ፣ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ አልተነሣም በማለት ሳይመረምረው አልፎታል።